ለቆዩ ጌሞች የሚሆን ርካሽ ግራፊክስ ካርድ እንዴት ይመረጣል?

ካርድ ከመምረጣችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ። ለቆዩ ጌሞች በቂ ጉልበት ያለው ርካሽ ካርድ ሞልቷል፤ ከአሮጌ ማሽን ጋር የሚስማማው ግን ጥቂት ነው። የትኛው እንደሚስማማ የሚወስኑት ፓወር ሰፕላዩ የሚችለው ዋት፣ በኬዙ ውስጥ ያለው ቦታ፣ የማዘርቦርዱ ዘመን፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነትና የስክሪኑ ገመድ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ከሳጥኑ ይነሳና መጨረሻ ላይ ወደ ካርዱ ይደርሳል። ካርዱን አስቀድሞ የሚገዛ ሰው ኬዙ ውስጥ የማይገባ ወይም ጌም በተከፈተ ቁጥር ማሽኑን የሚያጠፋ ካርድ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ደረጃ 1፦ ጌሞቻችሁ የየትኛው ዘመን ናቸው?

የምትጫወቷቸውን ጌሞች ጻፉና ከሁሉም የሚከብደውን ለዩ። ካርዱ የሚመረጠው ለእሱ ነው።

እስከ 2005 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጡት አብዛኞቹ በዳይሬክትኤክስ (ዊንዶውስ ላይ ጌሙ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ሶፍትዌር) 7፣ በ8 ወይም በ9 የተሠሩ ናቸው። ባለፉት አሥር ዓመታት የወጣ ማንኛውም ካርድ ለእነዚህ ከበቂ በላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስም ይበቃል። የሚያስቸግረው የዊንዶውስና የድራይቨር (ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) አለመጣጣም ነው፤ እሱ ደግሞ በካርድ ዋጋ አይፈታም። ዊንዶውስ ኤክስፒን ራሱን መጠቀም ከፈለጋችሁ ግን ምርጫው ይጠባል። የኤንቪዲያ የኤክስፒ ድራይቨር የደረሰው እስከ 900 ተከታታይ ነው፤ ጂቲኤክስ 750 ቲአይና ጂቲኤክስ 960 ያለ ችግር ይሠራሉ። በኤኤምዲ በኩል ያለው መጨረሻ የራድዮን ኤችዲ 7000 ተከታታይ ነው።

ከ2006 እስከ 2012 የወጡት አብዛኞቹ ዳይሬክትኤክስ 9ን አጥብቀው የሚጠቀሙ ወይም 10ንና 11ን የሚጀምሩ ናቸው። ለ1080 ፒ (1920 በ1080) ስክሪን ከ1 እስከ 2 ጊጋባይት ቪራም (የካርዱ የራሱ ሜሞሪ) ይበቃቸዋል። የዚህ ዘመን ጌሞች ከካርድ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቁት የፕሮሰሰሩን አንድ ኮር (ከሥራ ክፍሎቹ አንዱን) ነው።

ከ2013 እስከ 2018 ያሉት አብዛኞቹ 64 ቢት ናቸው፤ ትልልቅ ቴክስቸር (በጌሙ ዕቃዎች ላይ የሚለጠፍ ምስል) ይጭናሉ። እዚህ 4 ጊጋባይት ቪራም ዝቅተኛው ነው። የቆየ ጌም ላይ ባለ ትልቅ ጥራት የቴክስቸር ሞድ (ተጫዋቾች የሠሩት ማሻሻያ) የምትጭኑም ከዚሁ ምድብ ናችሁ፤ ጌሙ የ2011 ቢሆንም ሞዱ የ2018 ቪራም ይጠይቃል።

የስክሪናችሁን ጥራትም ጻፉ። 1920 በ1080 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው፤ 1366 በ768 ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። በአነስተኛው ስክሪን የምትጫወቱ ከሆነ ከዚህ በታች ከምንመክረው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ካርድ ያጠግባችኋል።

ደረጃ 2፦ ጥፋተኛው በእርግጥ ካርዱ ነው?

ይህን ፈተና ማንም እንዳይዘለው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል።

ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አብሮት ከሚመጣው ሪቫ ቱነር ጋር ጫኑ። በጌሙ ላይ የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚታይ)፣ የካርዱ የሥራ መጠን በመቶኛና የእያንዳንዱ ኮር የሥራ መጠን እንዲታይ አድርጉ። በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ፍሬሙን በስክሪኑ ፍጥነት የሚገድበውን ቪ-ሲንክን አጥፉ። ከዚያ ጌሙ በጣም የሚጎተትበት ቦታ ላይ ቁሙና የፍሬሙን ቁጥር መዝግቡ። አሁን ጥራቱን ወደ 1280 በ720 አውርዱ፣ ሌላውን ምንም አትንኩ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና እዩ።

ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ጎታቹ ካርዱ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 እለፉ። ፍሬሙ ንቅንቅ ካላለ ጎታቹ ፕሮሰሰሩ ነው፤ አዲስ ካርድ ብትገዙም ቁጥሩ እዚያው ይቆማል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ታስክ ማኔጀር ላይ ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ ብቻ ሲሠራ አይተው «ፕሮሰሰሩ ደህና ነው» ሲሉ ነው። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር 30 በመቶ ሲያሳይ አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተጠምዶ ሦስቱ ሥራ ፈት ሊሆኑ ይችላሉ። የ2007ቱ ክራይሲስ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ በአንድ ኮር ላይ ስለሚጭን በዘመናዊ ካርድም ቢሆን አንዳንድ ቦታ ላይ ይወርዳል።

እስካሁን ካርድ የሌላችሁና በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ የምትጫወቱ ደግሞ ራማችሁን ቁጠሩ። ያ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚሠራው በዋናው ራም ነው። አንድ ዲዲአር3-1600 ራም ብቻ ከተሰካ የሚያገኘው በሰከንድ 12.8 ጊጋባይት ነው፤ ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም በትክክለኛው ማስገቢያ ሲሰካ 25.6 ይሆናል። ለቀላል ጌም ይህ ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 3፦ ፓወር ሰፕላዩን አንብቡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። ስህተቱ ካርድ ብቻ ሳይሆን ማዘርቦርድም ሊያቃጥል ይችላል።

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ የጎን ክዳኑን አውጡ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። በትልቁ የተጻፈውን ጠቅላላ ዋት እርሱት፤ የምትፈልጉት የ12 ቮልት መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ ነው። አምፔሩን በ12 አባዙ። ሁለት የ12 ቮልት መስመሮች ካሉ ዝም ብላችሁ አትደምሯቸው፤ ሠንጠረዡ ላይ የሁለቱ የጋራ ጣሪያ በዋት ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከላይ «500 ዋት» የሚል ተጽፎበት 12 ቮልቱ 20 አምፔር ብቻ የሆነ ዕቃ ብርቅ አይደለም፤ ለጌም የሚጠቅመው እንግዲህ 240 ዋት ነው ማለት ነው።

አሁን ቀንሱ። ለምሳሌ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ከሆነ 216 ዋት አላችሁ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590 ቢሆን 84 ዋት ይወስዳል። ለማዘርቦርድ፣ ለዲስክና ለፋን 40 ያህል ያዙ። የሚተርፈው 92 ዋት ነው። 75 ዋት የሚፈልግ ካርድ ይገባል፤ 120 ዋት የሚፈልገው ጂቲኤክስ 1060 አይገባም። ፓወር ሰፕላዩ ብዙ ዓመት የሠራ ከሆነ ከትርፉ ላይ ሌላ 15 በመቶ ቀንሱለት፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት እየደከሙ ስለሚሄዱ በአዲስነቱ የሚችለውን አሁን አይችልም።

ከዚያ የኬብሉን ጫፍ እዩ። ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ራሱ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ኬብል ሌላ 75 ይጨምራል፤ ባለ 8 ፒን 150። ፓወር ሰፕላዩ እነዚህ ኬብሎች ከሌሉት ተጨማሪ ኬብል የማይፈልግ ካርድ ብቻ ፈልጉ። የሳታ (የዲስክ ኃይል) ኬብልን ወደ 6 ፒን የሚቀይረውን አዳፕተር አትጠቀሙ። የሳታ ጫፍ በ12 ቮልት የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ነው፤ ካርዱ 75 ሲስብበት ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከሁለት ሞሌክስ (ባለ 4 ፒን የአሮጌ ዲስክ ኃይል) ጫፎች የሚወጣው አዳፕተር የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን ሁለቱ ጫፎች ከተለያየ ገመድ የመጡ መሆን አለባቸው።

የፕሮሰሰሩን 8 ፒን ከካርዱ 8 ፒን ጋር አታምታቱ። የፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜ 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል፤ የካርዱ 6 እና 2 ሆኖ። የ12 ቮልቱና የመሬቱ ሽቦ ቦታቸው የተገላበጠ ስለሆነ በጉልበት ማስገባት ወዲያውኑ አጭር ዙር ይፈጥራል።

የዴል፣ የኤችፒና የሌኖቮ የቢሮ ኮምፒውተሮች የራሳቸው ችግር አላቸው። ብዙዎቹ መደበኛውን 24 ፒን አይጠቀሙም፤ ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ያለ መቀየሪያ ገመድ አይሰካባቸውም፤ የትንንሾቹ ሳጥን ቅርጽም አይቀበለውም። ለእነዚህ ማሽኖች ትክክለኛው መንገድ ያለ ኬብል የሚሠራ ካርድ ነው። ከአሮጌዎቹ ትንንሽ ሞዴሎች አንዳንዶቹ ማስገቢያቸው ከ75 ዋት በታች የተገደበ ስለሆነ የሞዴሉን መመሪያ ፈልጉና ለማስገቢያው የተፈቀደውን ዋት እዩ።

ደረጃ 4፦ ቦታውን በሜትር ለኩ

ሦስት ልኬት ውሰዱ፦ ከኋላ ላሜራው (ካርዱ በብሎን የሚታሰርበት ብረት) እስከ መጀመሪያው እንቅፋት ያለውን ርዝመት፣ የላሜራውን ቁመትና ከማስገቢያው ጎን ያለውን ክፍት ቦታ። የሙሉ ቁመት ላሜራ 12 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የአጭሩ 8 ሴንቲሜትር ያህል። ትንሹ የቢሮ ሳጥን አጭሩን ብቻ ይቀበላል። ሻጩ «አጭር ነው» ሲላችሁ ካርዱ ከርዝመት ነው ከቁመት አጭር የሆነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ያገለገለ አጭር ካርድ ስትገዙ ትንሹ ላሜራ አብሮ መኖሩን አረጋግጡ፤ ካልኖረ ካርዱ በብሎን ሳይታሰር ይንጠለጠላል። ካርዱ ባለ ሁለት ማስገቢያ ውፍረት ካለው ቀጥሎ ያለው ማስገቢያ መሸፈኑን፣ በአንዳንድ ማዘርቦርድ ደግሞ የሳታ መሰኪያዎቹን መግፋቱን ልብ በሉ።

የማስገቢያው ትውልድም ይታያል። ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ፕሮግራም ማዘርቦርድ በሚለው ገጽ ላይ ያሳያችኋል። በኢንቴል በኩል የ2011ዱ ሁለተኛ ትውልድ ኮር ፒሲአይ ኤክስፕረስ (የካርዱ ማስገቢያ ስም) 2.0 ነው፤ የ2012ቱ ሦስተኛ ትውልድ 3.0 ይደግፋል። ካርዱ 16 መስመር (የዳታ መተላለፊያ) የሚጠቀም ከሆነ የ2.0 ማስገቢያ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ስለሚሰጥ ለእኛ ጌሞች ምንም አይጎድልም። ጉዳቱ የሚመጣው 4 መስመር ብቻ ባላቸው ካርዶች ላይ ነው። ራድዮን አርኤክስ 6400 እና 6500 ኤክስቲ ለ4.0 ታስበው የተሠሩ ባለ 4 መስመር ካርዶች ናቸው፤ በ2.0 ላይ ሲሰኩ የሚቀራቸው በሰከንድ 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። 4 ጊጋባይት ቪራማቸው ሲሞላ ቴክስቸሩ በዚህች ቀጭን መንገድ ስለሚመላለስ ጌሙ እየቆመ ይሄዳል። ከ2012 በፊት ለወጣ ጌም ቪራሙ ስለማይሞላ ብዙም አይሰማችሁም፤ ለ2017 ጌም ግን ይሰማችኋል።

ደረጃ 5፦ ባዮስና የስክሪን ገመድ

ማዘርቦርዱ ከ2012 በፊት የወጣና ዩኢኤፍአይ (ማሽኑን የሚያስነሳው የባዮስ ሶፍትዌር አዲሱ ዓይነት) የሌለው ከሆነ አዳዲስ ካርዶች ስክሪን ሳያበሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ለእንደዚህ ያለ ማሽን እስከ ጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ወይም እስከ አርኤክስ 500 ያሉት ይሻላሉ። የባዮስ አዲስ ቅጂ ካለ ካርዱን ከመግጠማችሁ በፊት ጫኑት።

የኢንቴል አርክ ካርዶች ዋጋቸው ይማርካል፤ ነገር ግን ለአሮጌ ማሽን አንመክራቸውም። ሪሳይዛብል ባር የሚባለው የባዮስ ችሎታ ከሌለ ፍጥነታቸው በእጅጉ ይወርዳል። ኢንቴል ራሱ ከ10ኛ ትውልድ ኮር ወይም ከራይዘን 3000 ወዲህ ያሉ ማሽኖችን ነው የሚጠይቀው። ዳይሬክትኤክስ 9ንም የሚያስኬዱት በትርጉም ነው፤ ከ2022 ወዲህ ድራይቨሩ ብዙ ቢሻሻልም።

ስክሪናችሁ ቪጂኤ (አሮጌው የአናሎግ መሰኪያ) ብቻ ካለው አንድ ነገር እወቁ። ኤንቪዲያ ከ10 ተከታታይ ጀምሮ የአናሎግ ሲግናልን አቁሟል፤ በኤኤምዲ በኩልም ከአርኤክስ 400 ወዲህ ያሉትን አናሎግ እንደሌላቸው ቁጠሩ። የዲቪአይ መሰኪያውን ተመልከቱ፦ ከጠፍጣፋው ቀዳዳ ዙሪያ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሉ አናሎግ ያወጣል፤ ከሌሉ አያወጣም፤ ርካሹ የዲቪአይ ወደ ቪጂኤ መቀየሪያም አይሠራበትም። መፍትሔው ውስጡ ቺፕ ያለው ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ነው። በአሮጌ ባለ ቱቦ ስክሪን መጫወት የምትወዱ ደግሞ ከኤንቪዲያ 900 ተከታታይ ብትቆዩ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ አሁን ካርዱን ምረጡ

የሞዴል ስም ብቻውን አይበቃም፤ የሜሞሪውን ዓይነትና የባሱን (ሜሞሪውንና ቺፑን የሚያገናኘው መንገድ) ስፋት እዩ። የባሱን ስፋት በቢት ለ8 አካፍላችሁ በሜሞሪው ፍጥነት ብታባዙ በሰከንድ ስንት ጊጋባይት እንደሚያልፍ ታገኛላችሁ። ርካሽ ካርዶች የሚለያዩት በዚህ ቁጥር ነው። ጂቲ 1030 ሁለት ዓይነት አለው፦ የጂዲዲአር5ቱ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ የዲዲአር4ቱ 16.8 ብቻ። ስማቸው አንድ፣ ጉልበታቸው ግን በጣም የተራራቀ ነው። ባለ 64 ቢቱ የጂቲ 730 ዲዲአር3 ደግሞ 14.4 ነው፤ ይህ በሁለት ራም ከሚሠራ የፕሮሰሰር ግራፊክስ መንገድ ያነሰ ነው። ካርዱ ላይ በትልቁ የተጻፈው «4 ጊጋባይት» አያታልላችሁ፤ ቀርፋፋ ሜሞሪ ብዙ መሆኑ ለጌም አይጠቅምም።

ተጨማሪ ኬብል ለማይሰካበት ማሽን፦

ጂቲኤክስ 750 ቲአይ በ2014 የወጣ፣ 60 ዋት የሚወስድ፣ 2 ጊጋባይት ያለው ነው። እስከ 2012 ላሉ ጌሞች በ1080 ፒ ጥሩ ነው፤ ለኤክስፒም ሆነ ለአናሎግ ስክሪን ከዚህ የተሻለ አንድ ካርድ መጥቀስ ይከብዳል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋትና 4 ጊጋባይት ነው፤ በሰከንድ 112 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ የ2013 እስከ 2016 ጌሞችን በመካከለኛ ሴቲንግ ይችላል። ጂቲኤክስ 1650 ከዚያ አንድ እርምጃ ይበልጣል፤ በ2019 የወጣው ጂዲዲአር5 128፣ በ2020 የተጨመረው ጂዲዲአር6 ደግሞ 192 ጊጋባይት ያሳልፋል። የ1650 አንዳንድ ሞዴሎች 6 ፒን ስለሚፈልጉ ፎቶውን አይታችሁ ግዙ። ለትንሽ የቢሮ ሳጥን በእኛ ግምት የመጀመሪያው ምርጫ ባለ አጭር ላሜራ 1650 ነው፤ ካልተገኘ 1050 ቲአይ። አርኤክስ 6400 ውፍረቱ አንድ ማስገቢያ ብቻ በሆነ ሞዴል ስለሚገኝ ሌላው በማይገባበት ቦታ ይገባል፤ ጌም እየቀረጻችሁ መጫወት ከፈለጋችሁ ግን የቪዲዮ መቅረጫ ቺፕ የለውም።

ኬብል ላለው ማሽን፦

ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት (120 ዋት) ወይም አርኤክስ 570 (150 ዋት) ከሁሉም የበለጠ ጉልበት በትንሽ ዋጋ ይሰጣሉ። ፕሮሰሰራችሁ አሮጌ ከሆነ 1060 ይሻላል፤ በዳይሬክትኤክስ 11 የኤኤምዲ ድራይቨር ከፕሮሰሰሩ የሚጠይቀው ሥራ ይበዛል። በዳይሬክትኤክስ ፈንታ ኦፕንጂኤል የሚጠቀሙ ጌሞችም በኤኤምዲ ላይ ለዓመታት ሲጎተቱ ኖረዋል፤ የተሻሻለው በ2022 ድራይቨሩ እንደገና ሲጻፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ከሆነ ግን አርኤክስ 570 ባለ 8 ጊጋባይት በሞድ ለተሞሉ ጌሞች ድንቅ ነው።

ወጥመዶቹን ያዙ። ጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋባይት ሜሞሪው ብቻ አይደለም ያነሰው፤ ቺፑም ተቀንሷል። አርኤክስ 560 በ1024ና በ896 ኮር ይሸጣል። አርኤክስ 580 2048ኤስፒ የሚለው በቺፑ አርኤክስ 570 ነው።

ስለ ድራይቨር ዕድሜ ብዙ ሰው ይሰጋል። ኤንቪዲያ ለ750 ቲአይ፣ ለ900 እና ለ10 ተከታታይ አዳዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በ2025 አቁሟል፤ የደኅንነት እርማት እስከ ጥቅምት 2028 ይቀጥላል። ለአዲስ ጌም ይህ ምክንያት ይሆናል፤ ለአሥር ዓመት ጌም ግን ድራይቨሩ ከወዲሁ የተስተካከለ ስለሆነ ካርዱን አትጣሉት። እንዲያውም አዲስ መሆን የሚጎዳበት ጊዜ አለ፦ የ2025ቱ አርቲኤክስ 50 ተከታታይ 32 ቢት ኩዳን (በካርዱ ላይ ስሌት የሚሠራበት የኤንቪዲያ ሶፍትዌር) ይዞ ስላልወጣ ፊዝኤክስን (የኤንቪዲያ የፊዚክስ ውጤት) የሚጠቀሙ የቆዩ ጌሞች ውጤቱ ሲበራ ክፉኛ ወርደውበት ነበር።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ካርድ ከገንዘብ በፊት ይፈተሻል

በዓይን ጀምሩ። የወርቃማው ጥርስ ያልተቃጠለና ያልተፋቀ፣ ፋኑ በጣት ሲነካ በነፃነት የሚዞርና የማይወላገድ፣ ቦርዱ ያልጎበጠ መሆን አለበት። ጥርሱ ቆሽሾ ብቻ ከሆነ በአልኮል ይጸዳል።

ከዚያ ተሰክቶ ጂፒዩ-ዚ (የካርዱን መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም) ይከፈት። የኮሮቹ ቁጥር ከዚህ ጋር መግጠም አለበት፦

750 ቲአይ፦ 640
1050፦ 640
1050 ቲአይ፦ 768
1650፦ 896
1060 ባለ 6፦ 1280
አርኤክስ 570፦ 2048
አርኤክስ 580፦ 2304

የሐሰት ካርድ የሚሠራው በአሮጌ ቺፕ ላይ አዲስ ስም የሚያሳይ ባዮስ በመጫን ነው። ጂፒዩ-ዚ ከ2018 ወዲህ ብዙዎቹን ለይቶ ከስማቸው ጋር ሐሰት መሆናቸውን ይጽፋል፤ ስለዚህ የቅርብ ጊዜውን ቅጂ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። በ1050 ቲአይ ስም የሚሸጥ ካርድ ላይ ቪጂኤ መሰኪያ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ካርዱን የሚያስጨንቁ የመፈተኛ ፕሮግራሞችን አስኪዱ፦ ፈርማርክን ለ15 ደቂቃ፣ ከዚያ ዩኒጂን ሄቨንን ለ30 ደቂቃ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ የመጀመሪያው ሙቀቱን፣ ሁለተኛው ሜሞሪውንና የፍጥነት መለዋወጡን ያወጣል። ሙቀቱ በ83 ዲግሪ አካባቢ ቢረጋ ደህና ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከ90 ካለፈ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) ደርቋል፤ ይህ የሚጠገን ስለሆነ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ፔስቱን ስትቀይሩ የሜሞሪው ፓድ ከተቀደደ በተመሳሳይ ውፍረት ተኩት፤ ወፍራም ፓድ የማቀዝቀዣውን ብረት ከቺፑ ያርቀዋል። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም የተበታተነ ቀለም ከታየ ግን ብዙ ጊዜ ሜሞሪው ተጎድቷል፤ ተዉት።

አርኤክስ 470፣ 570ና 580 ብዙዎቹ ክሪፕቶ ሲቆፍሩ የኖሩ ናቸው። ይህ ብቻውን አያስጥላቸውም፤ ባዮሳቸው ግን ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ድራይቨር ከተጫነ በኋላ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ የሚወጣው ኮድ 43 ነው። ካርዱ ጠርዝ ላይ ትንሽ የባዮስ ማብሪያ ካለው ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ወደ ሌላው ቀይሩና እንደገና ሞክሩ።

ደረጃ 8፦ መግጠም

1. አሮጌውን ድራይቨር ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም፣ በሴፍ ሞድ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ አጥፉ። ኢንተርኔት ከቀረ ዊንዶውስ ራሱ የማትፈልጉትን ቅጂ መልሶ ይጭናል።
2. አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለአሥር ሰከንድ ያዙ። የኬዙን ባዶ ብረት ንኩ።
3. የላሜራውን ብሎን በካቻቪቴ ፍቱ፣ የማስገቢያውን መያዣ ተጭናችሁ አሮጌውን ካርድ አውጡ።
4. አዲሱን ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ባለው ረጅም ማስገቢያ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ መያዣው «ቀጭ» ይላል። በብሎን እሰሩ፣ ኬብል ካለው እስከ መጨረሻው ስኩ።
5. የስክሪኑን ገመድ ካርዱ ላይ ስኩ። ማዘርቦርዱ ላይ መተው በጣም የተለመደው ስህተት ነው።
6. ድራይቨሩን ጭናችሁ ጂፒዩ-ዚ ላይ የመስመሩን ቁጥር እዩ። ባለ 16 መስመር ካርድ 8 ወይም 1 ካሳየ አውጥታችሁ ጥርሱን ጠርጉና መልሱት።

ጌም ሲከፈት ማሽኑ ድንገት ከጠፋ ወይም ራሱን ካስነሳ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ ብዙውን ጊዜ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፁ ከቀጠለ ከድራይቨሩ ጀምሩ፤ ስክሪኑ ከነጭራሹ ካልበራ ደግሞ ባዮሱ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ግራፊክስ የማዘርቦርዱ ሆኖ ተመርጦ እንዳይሆን እዩ።

ደረጃ 9፦ የተረፈውን ጉልበት በጥበብ ተጠቀሙበት

መጀመሪያ ፍሬሙን ገድቡ። የቆየ ጌም ሜኑ ላይ በሰከንድ ከሺህ በላይ ፍሬም ሊሠራ ይችላል፤ ካርዱ በከንቱ ይግላል፣ ያፏጫልም። አንዳንድ ጌሞችም ፍጥነታቸውን ከፍሬም ጋር አስረዋል፤ የ2011ዱ ስካይሪም ከ60 በላይ ሲሄድ ፊዚክሱ ይዛባል፣ ዕቃዎች ከጠረጴዛ ላይ ይበታተናሉ። በሪቫ ቱነር 60 ላይ አቁሙት።

ጂቲኤ 4 በአዲስ ካርድ ላይ ቪራሙን አሳስቶ ስለሚያነብ ሴቲንጉን ይቆልፋል። የጌሙ ፎልደር ውስጥ ኮማንድላይን የሚባል የጽሑፍ ፋይል ፈጥራችሁ ገደብ የሚያነሱትን ትእዛዞች መጻፍ አንዱ መንገድ ነው፤ ዲኤክስቪኬን መጫን ደግሞ ብዙ ጊዜ መጎተቱንም ይቀንሰዋል። ዲኤክስቪኬ ዳይሬክትኤክስን ወደ ቩልካን (ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠራ ሌላ ሶፍትዌር) የሚተረጉም ነፃ መሣሪያ ነው። 2.0 እና ከዚያ በላይ ያለው ቅጂው ቩልካን 1.3 ይፈልጋል፤ ከ750 ቲአይ ጀምሮ ያሉት በአዲስ ድራይቨር ያሟላሉ፤ ኬፕለር የሚባሉት የ600ና የ700 ተከታታይ ካርዶች ግን 1.10.3 ያስፈልጋቸዋል።

ለዳይሬክትኤክስ 8ና ከዚያ በታች ላሉት ዲጂቩዱ 2 የሚባለውን ሌላ የትርጉም መሣሪያ ተጠቀሙ። ከኤምኤስ ፎልደር ውስጥ ኤክስ86 ከሚለው ያሉትን ፋይሎች ገልብጣችሁ የጌሙ ማስነሻ ፋይል ባለበት ቦታ አስቀምጡ። ጌሙ ካልተነሳ አውጧቸው፤ የጌሙን የራሱን ፋይል ላለመተካት ደግሞ ከመገልበጣችሁ በፊት የፎልደሩን ቅጂ ያዙ። ለ4 በ3 የተሠራ ጌም በሰፊ ስክሪን ላይ ሰዎቹን ጠፍጣፋ ካደረጋቸው ድራይቨሩ ላይ ስኬሊንግ የሚለውን ወደ «ምጥጥኑን ጠብቅ» ቀይሩት።

የምስሉ ጠርዝ የሚሸራረፍባችሁ ከሆነ በኤንቪዲያ ዲኤስአር፣ በኤኤምዲ ቪኤስአር የሚባለውን አብሩ። ጌሙ ከስክሪኑ በሚበልጥ ጥራት ተሠርቶ ወደ ስክሪኑ ይጠባል። በ1080 ፒ ስክሪን ላይ ዲኤስአር 4 እጥፍ ሲሆን ካርዱ የሚሠራው በ3840 በ2160 ነው፤ ለ2004 ጌም 1050 ቲአይ እንኳ ብዙ ጊዜ ይወጣዋል። ጽሑፉና ሜኑው ከመጠን በላይ ካነሰ ወደ 2.25 እጥፍ አውርዱት።